ጀበናው አደባባይ ወጣ፤ ሠሪዋስ?

ቦታው አጋሮ ነው፤ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የቡና ከተማ። አንደኛዋ ተናጋሪ አዲስ አበባ በሚገኘው አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተምራ ወደ ትውልድ ከተማዋ ጅማ የተመለሰች ሠዓሊ ናት። አንድ ድርጅት በቡና ለቀማ ወቅት ከትምህርት ገበታ ስለሚቀሩ ልጆች የሚናገር ሥዕል በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ላይ እንድትሠራለት ጠይቋታል። ሌላው በጅማ ዞን ወረዳዎች በቡና ባለሙያነት ኖረው ጡረታ የወጡ የአባቷ ጓደኛ ናቸው። ባለቤታቸው ደግሞ መሐል ላይ ይገባሉ፤ ባይገቡ ኖሮ ወሬው ሌላ መንገድ ይዞ ይሄድ ነበር።

ሠዓሊዋ፦ ንድፉን አይተው ዝም አሉ እኮ፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ ምን ልበል? ልጁ ቅርጫት አንግቷል። ደብተሩ እግሩ ሥር ወድቋል። መምህሯ በር ላይ ቆማ ትጠራዋለች። ሁሉ ነገር ግልጽ ነው፤ እኔን የከበደኝም እሱ ነው። ለመሆኑ ልጅ መማር እንዳለበት የማያውቅ ወላጅ በዚህ ወረዳ አግኝተሽ ታውቂያለሽ?

ሠዓሊዋ፦ የለም። ሁሉም ያውቃል።

ጋሼ፦ ታዲያ ለማን ነው የምትነግሪው? ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡናው እሸት ይቀላል። አንዴ ከቀላ ዛፉ ላይ ሆኖ የትምህርት ቤት ዕረፍት አይጠብቅም፤ ይደርቃል፣ ይረግፋል። ለቃሚ ቀጥሮ ለመክፈል አቅም ያጣ አባት ቤቱ ውስጥ ያለውን እጅ ነው የሚያሰማራው። ሥዕልሽ ፊት ቆሞ «እውነት ነው፣ ልጅ መማር አለበት» ይልና ልጁን አስከትሎ ወደ ቡናው ይወርዳል። የነገርሽው የሚያውቀውን ነው። የቸገረውን አልነካሽለትም።

ሠዓሊዋ፦ ሥዕል ጥቅም የለውም ማለትዎ ነው?

ጋሼ፦ አላልኩም። መካሪ ግድግዳ በዛ ነው ያልኩት። እጅ ታጠቡ፣ አጎበር ተጠቀሙ፣ ያለ ዕድሜ አትዳሩ። ዝናቡ ምክሩን አጥቦ ይወስደውና የድርጅቱ ዓርማ ብቻ ይቀራል። ለዓርማው ደህና ቀለም ይመርጡለታል መሰለኝ።

ሠዓሊዋ፦ እሱን እኔም ታዝቤያለሁ። ግን ሰርከስ ጅማንስ ምን ይሉታል? አባቴ ሲያወራው ዓይኑ ይበራል።

ጋሼ፦ ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ ከተጀመረ በኋላ ጅማ ከተከተሉት ከተሞች አንዷ ነበረች። ስለ ኤድስ ያስተምሩ ነበር። ሰው የሚሰበሰበው ግን ትምህርት ሊሰማ እንዳይመስልሽ። ትናንት መንገድ ላይ ኳስ ሲያባርር የሚያውቀው የጎረቤቱ ልጅ ሰው ትከሻ ላይ ቆሞ ሌላ ሰው ሲሸከም ሊያይ ነው።

ሠዓሊዋ፦ እኔም መድረስ የፈለግሁት እዚያው ነው። ትርኢቱ ከተመልካቹ በፊት የለወጠው ልጆቹን ነው። ሕዝብ ያጨበጨበለትን ልጅ እናቱ እንኳ ከዚያ በኋላ የምትጠራው በሌላ ድምፅ ነው።

ጋሼ፦ አምናለሁ። ግን ያ የልምምድና የዓመታት ፍሬ ነው። ሬዲዮውም እንደዚያው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 «የቀን ቅኝት»ን በአማርኛ፣ «ዲምቢባ»ን በኦሮምኛ ሲያሰማን «የቀን ቅኝት» ብቻ 257 ክፍል ነበረው። ሰው ገጸ ባሕርያቱን ለምዶ፣ ሲሳሳቱ ተቆጥቶ፣ ሲታመሙ አዝኖ፣ ከሚስቱ ጋር ተከራክሮባቸው ነው ነገሩ ወደ ልቡ የገባው። የአንቺ አጥር አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው። ያውም መጨረሻው ከመጀመሪያው የሚታወቅ።

ሠዓሊዋ፦ ድርጅቱ ደግሞ መፈክር ይኑረው ብሏል። በምን ቋንቋ፣ በምን ፊደል ልጻፈው?

ጋሼ፦ እሱማ የዚህ አገር ጉድ ነው። በ1971 ዓ.ም. የታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋ እስከ መስጠት ደርሶ ነበር፤ በማግስቱም ዓመት ዩኔስኮ ሽልማት ሰጥቶታል። ግን ቋንቋው ሁሉ፣ ኦሮምኛውም ጭምር፣ የሚጻፈው በግዕዙ ፊደል ነበር። የዛሬው ሽማግሌ ማንበብ የለመደው በዚያ ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ልጁም የልጅ ልጁም የተማሩት በላቲኑ ፊደል፣ በቁቤ ነው። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ቋንቋ እያወሩ አንዱን ግድግዳ አብረው ማንበብ ያቅታቸዋል።

ሠዓሊዋ፦ እኔ ጽሑፍ አይኑረው ብዬ የተከራከርኩት ለውበቱ ብዬ ነበር። እርስዎ የተሻለ ምክንያት ሰጡኝ።

ጋሼ፦ አየሽ፣ ሥዕልን አልጠላሁም። እሸት ቡና መረከቢያ ላይ የሚለጠፈውን ታውቂዋለሽ፤ አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ቀዩ፣ በዛፍ ላይ የደረቀው ተደርድሮ፣ የትኛው እንደሚገዛ የሚያሳየው። ማንም አርቲስት አልፈረመበትም። ግን ገበሬው ቅርጫቱን ከመገልበጡ በፊት ቀና ብሎ ያየዋል፤ ምክንያቱም ገንዘቡ እዚያ ላይ ነው ያለው። አንቺ ዲዛይን የምትዪው እሱን ከሆነ ይህ አገር በዲዛይን ሲለወጥ አይቻለሁ።

ሠዓሊዋ፦ በፖስተር?

ጋሼ፦ በአልጋ። ልንገርሽ። እኔ ሥራ ስጀምር የዚህ አካባቢ ቡና በዓለም ገበያ ስሙ «ጅማ 5» ነበር። ደረጃ ነው፤ እንደ ስድብም ይነገር ነበር። ርካሽ ነው፣ አፈር አፈር ይላል፣ ከሌላ ቡና ጋር ለመደባለቅ ብቻ ይሆናል ይሉናል። ቡናው ግን ጥፋት የለበትም። ዛፉ እዚሁ ደን ውስጥ የበቀለ፣ ከፍታው የተመቸ፣ ዝናቡ የማያንስ። ችግሩ ከዛፉ ከወረደ በኋላ ነው። ገበሬው ሌባም ይፈራል፣ ገንዘብም ይቸግረዋል፤ ስለዚህ አረንጓዴውንም ቀዩንም አንድ ላይ ሙልጭ አድርጎ ይለቅማል። ከዚያ ደጁ መሬት ላይ ያሰጣዋል። ዶሮ ይጭረዋል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ይሻግታል። ጀንፈሉን ተሸክሞ ሰብሳቢ ጋ ሲደርስ ጥሩውም መጥፎውም በአንድ ዋጋ ነው። ለምን ብሎ ይልፋ?

ሠዓሊዋ፦ ከዚያ የሽቦው ማድረቂያ አልጋ መጣ።

ጋሼ፦ አልጋው ብቻውን አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ቴክኖሰርቭ የሚባለው ድርጅት በጌትስ ፋውንዴሽን ገንዘብ ወደዚህ ሲመጣ ገበሬዎቹን በኅብረት ሥራ አደራጅቶ የየራሳቸው ማጠቢያ ጣቢያ እንዲኖራቸው አገዘ። ጎማ ወረዳ ላይ ዱሮሚና፣ ጌራ ወረዳ ላይ ናኖ ጫላ፣ ሌሎችም። ፔናጎስ የሚባል የኮሎምቢያ መፈልፈያ ገባ፤ ውኃ ብዙ አይጠጣም። የድሮዎቹ ጣቢያዎች የፍሳሹን ገለፈትና ሽታ ወንዝ ውስጥ ሲለቁ ከታች ያለው መንደር ከብቱን ማጠጣት ይቸግረው ነበር፤ አሁን ፍሳሹ ጉድጓድና ቬቲቨር ሣር ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ። ገበሬው ቀይ እሸት ብቻ እንዲያመጣ ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያ ጎማ ውስጥ የበቀለው የዱሮሚና ቡና አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው «ቴስት ኦፍ ሃርቨስት» ውድድር ከአፍሪካ ቡናዎች አንደኛ ተባለ። «ጅማ 5» ሲባል የኖረ አገር እኮ ነው!

ሠዓሊዋ፦ እኔ አልጋውን የወደድኩት በሌላ ምክንያት ነው። ግንድ፣ አጣና፣ ሽቦ፤ ሌላ ምንም የለውም፤ መንደር ውስጥ ያለ አናጢ ይሠራዋል። ነፋስ ከሥሩ ያልፋል። ወገብ ድረስ ይደርሳል። መሬት ላይ ያሰጣች ሴት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ትውላለች፤ አልጋ አጠገብ ያለችው ቆማ ነው የምትሠራው፤ ከፊት ለፊቷ ካለችው ጋር ዓይን ለዓይን እየተያየች ታወራለች። ጣቢያ ሄጄ ስሥል የታየኝ ይህ ነው። አንድ ዕቃ ቡናውን ሊያደርቅ ተሠርቶ የሰውን አቋቋም ለወጠ።

ጋሼ፦ እሱን እኔ አላየሁትም። የእኔ ዓይን እርጥበቱ ስንት ደረሰ የሚለው ላይ ነው። ግን እንዳትታለዪ። ሰዉን የለወጠው የአልጋው ቁመት አይደለም፤ ጥራት ላመጣ የተለየ ክፍያ መኖሩ ነው። ያለ ዋጋ የተሠራ አልጋ የማገዶ እንጨት ሆኖ ይቀራል።

ሠዓሊዋ፦ ዋጋ ብቻ ከሆነ ደግሞ ለምን ስሙን ዱሮሚና አሉት? ብልጽግና ማለት ነው እኮ። ለምን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ አልጋዎቹን ያስጎበኛሉ? ኩራት አለበት። ሰው የሚኮራበትን ነገር በደንብ ይይዛል።

ጋሼ፦ ኩራቱ ከገንዘቡ በኋላ መጣ እላለሁ።

ሠዓሊዋ፦ እኔ አብረው መጡ እላለሁ። እዚህ ላይ አንስማማም።

ጋሼ፦ ይሁን። ቀጥዪ።

ሠዓሊዋ፦ ጅማ ሐሙስ ገበያ ሁሌም የሚከነክነኝ ነገር አለ። የጅማን በርጩማ ያውቁታል፤ ከአንድ ግንድ፣ ያለ ሚስማር፣ ያለ ማጣበቂያ ተፈልፍሎ የሚወጣው። ስሙ ከከተማዋ ጋር ይጠራል፤ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ጌጥ ሆኗል። እሱ እንኳን ደህና ነው፤ ጠራቢው ገበሬም ነው፣ ጎረቤትም ነው። ጀበናው ነው የከበደኝ። የቡና ከተማ አስጌጥን ሲሉ አደባባዩ ላይ የሲሚንቶ ጀበና ያቆማሉ። ሸክላ ሠሪዋ ግን ገበያው ጥግ መሬት ላይ ዘርግታ ተቀምጣ፣ ሰው ዋጋ ጠይቋት፣ ገንዘቡን ሰጥቷት ይሄዳል። ቤቷ አይገባም። ከእጇ ቡና አይጠጣም።

ጋሼ፦ ያም ቀንሷል። እኔ ልጅ ሆኜ ሸክላ ሠሪና ፋቂ ከገበሬ ጋር አንድ ገበታ አይቀርብም ነበር። የሚጠሩበትን ስም አልጠራውም፤ ስድብ ሆኗል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እነሱም መሬት አገኙ፤ በአንድ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ መቀመጥ ግድ ሆነ። ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር ተማሩ።

ሠዓሊዋ፦ ልጅዎን ለልጃቸው ይድራሉ?

ጋሼ፦ ... እኔን ለምን ትጠይቂያለሽ። አገሩን ጠይቂ።

ሠዓሊዋ፦ አገሩን ነው የጠየቅሁት። አዲስ አበባ፣ መካኒሳ የሚገኘውን ዞማ ሙዚየም አይተውታል? ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ጭቃና ጭድ በሚያውቁ ባለሙያዎች እጅ አሠርተው እ.ኤ.አ. በ2019 ከፈቱት። ግድግዳው ራሱ ሥራው ነው። እዚያ ጭቃ የሚያቦካ ሰው የጉልበት ሠራተኛ ሳይሆን ባለሙያ ይባላል። እኔ የምመኘው እንደዚያ ያለ ነው። ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ሸክላ ሠሪዎቹ ራሳቸው ያበጁት የሸክላ ጡብ ቢገባበት፣ የእያንዳንዷ የእጅ ምልክት ቢታይ፣ ልጆቻቸው በየቀኑ በዚያ በር ቢገቡ።

ጋሼ፦ የአዲስ አበባ ሰው የጭቃ ቤት ለማየት ይከፍላል። የእኛ ሰው ከጭቃ ቤት ለመውጣት ነው የሚከፍለው። ግን ሐሳቡን አልናቅሁትም። አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ፤ ሥራቸውን በነፃ እንዳታሠሪያቸው። «ለማኅበረሰቡ ነው» ተብሎ ሁልጊዜ በነፃ የሚሠራው ድሀው ነው። ሠዓሊው ይከፈለዋል፣ ፎቶ አንሺው ይከፈለዋል፣ ሸክላ ሠሪዋ ለስላሳ መጠጥና ምስጋና ታገኛለች። ከፍለሽ ግዢያት፤ ያኔ አክብረሻታል።

ሠዓሊዋ፦ በጀቱ ውስጥ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» የሚል መስመር አለ። ብር ግን አልተጻፈበትም።

ጋሼ፦ አየሽ!

እትዬ፦ እኔ እዚህ ሆኜ ስሰማችሁ ቆየሁ። ያን አልጋ ስታወድሱ አንዳችሁም አልጋው አጠገብ የሚቆመው ማን እንደሆነ አልተናገራችሁም። ይቺ ልጅ ትንሽ ነካችው፣ ከዚያ ወደ ጀበና ሄደች።

ሠዓሊዋ፦ ይናገሩ እስቲ፣ እትዬ።

እትዬ፦ እኔ ሁለት ምርት ለቅሜያለሁ፤ መልቀም ስል ከዛፍ አይደለም፣ ከአልጋው ላይ የተሰበረውን፣ የጠቆረውን መልቀም። ፀሐይ ሲበረታ ማልበስ፣ ሲበርድ መግለጥ፣ ቀኑን ሙሉ ማገላበጥ። አልጋው ዙሪያ ያለነው ሴቶች ነን። አንደኛ የወጣውን ቡና እጃችን ያውቀዋል። የአባላቱ መዝገብ ላይ ግን ያለው የባሎቻችን ስም ነው። በዓመቱ መጨረሻ የትርፍ ክፍፍል ሲመጣ የሚጠራው እሱ ነው፤ የሚፈርመውም እሱ ነው። አንዳንዱ ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ በጅማ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው።

ጋሼ፦ መተዳደሪያ ደንቡ ሴትን አይከለክልም እኮ።

እትዬ፦ አይከለክልም። ቅጹ ላይ ግን አንድ መስመር ነው ያለው። አንድ መስመር ካለ የማን ስም እንደሚጻፍበት አንተም ታውቃለህ።

ሠዓሊዋ፦ ይሄ ነው! ጋሼ፣ ይሄ የዲዛይን ጥያቄ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ያስታውሱ። መሬት መመዝገብ ሲጀመር አማራና ደቡብ ክልል ላይ በደብተሩ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን እንዲለጠፍ ቦታ ተተወ። ኦሮሚያም የሁለቱንም ስም ይጽፋል። ትልቅ ሰልፍ አልነበረም፣ ቢልቦርድ አልነበረም፤ አንድ ገጽ ላይ ሁለት አራት ማዕዘን ተሠመረ። ባል የሞተባት ሴት ዘመዶቹ መጥተው ውጪ ሲሏት ደብተሩን ከፍታ ፊቷን ታሳያቸዋለች።

ጋሼ፦ እሱ እውነት ነው፤ ክርክር ሲመጣ ፎቶ ያለው ደብተር ጉልበት አለው። ሕጉም ከኋላው አለ፤ ያለ ሕጉ ፎቶው ጌጥ ነው።

ሠዓሊዋ፦ ልክ ነው። ግን ሕጉን ማንበብ የማትችለው ሴት ፎቶዋን ታውቀዋለች። እንግዲህ የኅብረት ሥራው መዝገብ ሁለት መስመር ቢኖረው? ገንዘቡ ሲከፈል ሁለቱም ጣታቸውን ቢያሳርፉ? ቅጹን እኔ በነፃ እነድፈዋለሁ።

እትዬ፦ በነፃ አትሥሪ ብሎሽ የለ እንዴ አሁን።

ሠዓሊዋ፦ (እየሳቀች) እንግዲያስ አስከፍላለሁ። በቡና።

ጋሼ፦ ቅጹን ጠቅላላ ጉባኤው ማጽደቅ አለበት። ጉባኤው ላይ የሚቀመጡት ደግሞ እነዚያው አንድ መስመር ላይ ያሉት ናቸው። እንዲህ ቀላል አይምሰልሽ፤ እኔ የማውቃቸው ሊቀ መንበሮች ይህን ሲሰሙ የሚያነሱትን ሰበብ አሁን ልዘረዝርልሽ እችላለሁ። ግን ማንሳቱ ክፋት የለውም። ከዚያ በፊት ወደ አጥርሽ እንመለስ። ልጆቹ ለምን እንደሚቀሩ ተስማምተናል፤ የገንዘብና የጊዜ ጉዳይ ነው። ጊዜውን በሚመለከት ሥዕል አያስፈልግሽም። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋ ሄደሽ የዓመቱ የትምህርት ካሌንደር ከለቀማው ጋር እንዲስማማ ጠይቂ። አንድ ሳምንት ቢዛወር እንኳ ስንት ልጅ ያተርፋል።

ሠዓሊዋ፦ እሱ ሥዕል አይደለም።

ጋሼ፦ አሁን ቅጽ ዲዛይን ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ካሌንደር ምን አጠፋ?

ሠዓሊዋ፦ እሺ፣ ካሌንደሩን ያዝኩ። ገንዘቡስ?

ጋሼ፦ ገንዘቡ ላይ አንድ የቆየ ነገር አለኝ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲጀምር በየገበያ ከተማው የኤሌክትሮኒክ ዋጋ ሰሌዳ ሊሰቅል ተነሣ። ደስ ብሎን ነበር። ግን ሰሌዳው የሚያሳየው አዲስ አበባ ላይ የሚሸጠውን ቡና ዋጋ ነበር፤ ገበሬው የያዘው እሸት ነው። ከስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ነው አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና የሚወጣው። ሰብሳቢው ይህን ሒሳብ በጭንቅላቱ ይሠራል፤ ገበሬው ቅርጫቱን አስቀምጦ ሲቆጥር ሰብሳቢው ሌላ ሰው ጋ ሄዷል። ሒሳቡን የማያውቅ በርካሽ ይሸጣል፤ በርካሽ የሸጠ ለቃሚ አይቀጥርም፤ ያልቀጠረ ልጁን ይወስዳል። የአንቺ ሥዕል የጀመረው ከመጨረሻው ነው።

ሠዓሊዋ፦ ስድስት ቅርጫት ቀይ እሸት በአንድ በኩል፣ አንድ ቅርጫት ንጹሕ ቡና በሌላ በኩል። ከሥሩ የዕለቱ ዋጋ የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ። ጽሑፍ አይፈልግም፤ ቁጥሩን አያትም የልጅ ልጅም ያነቡታል። አጥሩ ወደ ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ እሸት የተሸከመ ሁሉ በዚያ ያልፋል።

ጋሼ፦ አሁን ገባሽ። የታጠበውና ያልታጠበው ለየብቻ ይሁን፤ ሒሳባቸው አንድ አይደለም። ሰብሳቢዎቹ አይወዱልሽም፤ አንዱ ሌሊት መጥቶ ቢያጠፋው አትደነቂ።

ሠዓሊዋ፦ ድርጅቱስ? ልጁና መምህሯ የታሉ ይለኛል። ለሪፖርቱ ፎቶ ይፈልጋል።

እትዬ፦ ልጆቹ ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ያንሷቸው።

ሠዓሊዋ፦ ዋጋውን በየማለዳው የሚጽፉት ልጆቹ ናቸው?

ጋሼ፦ ከሌላ ማን? የጣቢያው ጸሐፊ እስኪነሳ ፀሐይ ትወጣለች። ልጆቹ ደግሞ ቁጥራቸው ያምራል።

እትዬ፦ ደወሉ ከመደወሉ በፊት ከሆነ ነው እንጂ፣ ደግሞ ለዋጋ ጽፈት ተብለው ከክፍል እንዳይቀሩ።